የማርያማዊት እርሾ

ሸጌ ባምላክ ሃምሳ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ብረት በአንጥረኛ እሳት ሲግል አይታ አታውቅም ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ቢስቅም አይፈረድበትም። በዋድላና በመቄት፣ በላስታና በደላንታ ያሉ አንጥረኞች ማረሻ ሲሠሩ፣ መጥረቢያ ሲያድሱ፣ እሳታቸው የሚተነፍሰው በእሷ የእጅ ሥራ ነዋ! ወናፍ ብቻውን የተሰፋ ቆዳ ነው። ነፋሱን ተቀብሎ ፍም መሀል የሚተፋው የሸክላ ቱቦ ከሌለ አንጥረኛው ቢነፋ ቢነፋ ራሱን ያደክም እንደሆን እንጂ ብረቱ ንቅንቅ አይልም። ያንን ቱቦ የወናፍ አፍ ይሉታል። ጫፉ ቀኑን ሙሉ እሳት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚውል ሌላ ሰው የሠራው ሳምንት አይቆይም። የሸጌ ግን ከመስቀል እስከ ፋሲካ ያገለግላል።

እሳቱን ያላየችው ከእናቷ ከማርያማዊት በወረሰችው ሕግ ምክንያት ነው። ማርያማዊት ቁመቷ አጭር፣ ቁጣዋ ረጅም ሴት ነበረች። «እሳቱን ያየ እጅ ይፈራል፤ የፈራ እጅ ያወፍራል፤ የወፈረ ሸክላ ይሰነጠቃል» ትል ነበር። ስለዚህ የዚያ ቤት ሴት ሸክላዋን በጓሮዋ በኩበትና በጭራሮ ትጠብሳለች፣ ገበያ ወስዳ ለአንጥረኛው ትሰጣለች፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ትመለሳለች። አንጥረኛው ቤት ደጃፍ አትደርስም። ሸጌ ልጅ ሆና አንድ ጊዜ ልታይ ሞክራ እናቷ በእርጥብ አለንጋ እግሯን ገርፋታለች፤ ከዚያ ወዲያ አልሞከረችም።

የቤቱ ሁለተኛ ሕግ ደግሞ እርሾው ነው። ከሸጌ መንደር በታች፣ ከጋሸና ወደ ላልይበላ ከሚወስደው መንገድ የሁለት ሰዓት እግር ርቆ፣ ገደል ሥር ነጭ አፈር አለ። አፈሩ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን የአንጥረኛ እሳት አይችልም። ስለዚህ አንጥረኛ አዲስ አፍ ሲፈልግ የተሰበረውን አሮጌ ይዞ መምጣት አለበት። ስባሪውን ያልመለሰ፣ የፈለገውን ያህል ቢለምን፣ ባዶ እጁን ይሄዳል። ሸጌ ያንን በእሳት የኖረ ስባሪ በድንጋይ ትወቅጠዋለች፣ በወንፊት ትነፋዋለች፣ ከአዲሱ አፈር ጋር ታቦካዋለች። እሳት የጠገበ ሸክላ ሁለተኛ እሳት አይፈራም። ዱቄቱ የሚቀመጥበት ጋን በቤቱ ጥግ ቆሟል፤ እንደ ሊጥ እርሾ ሁሉ ተጠርጎ አያልቅም፣ ሁልጊዜ ከታች ይተርፋል፣ በላዩ ይጨመራል። ስለዚህ ሸጌ በምትሠራው በእያንዳንዱ አፍ ውስጥ ማርያማዊት የሠራችው አለበት፤ የማርያማዊት እናት የሠራችው አለበት፤ ከዚያም ወዲያ ስማቸው የተረሳ ሴቶች የሠሩት አለበት። የላስታ ባላገር ዘሩን ሰባት ቤት ይቆጥራል። የሸጌ ዘር ጋን ውስጥ ነበር።

አገሬው ግን ይህን ዘር እንደ ዘር አይቆጥረውም። አንጥረኛው በሠራው ማረሻ አርሶ፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጡን ሠርቶ የሚበላ ሰው፣ ሁለቱን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ልጁን በነጠላ ይሸፍናል። ዓይናቸው ይበላል ይላል። እህሉን ያበሉት እነሱ መሆናቸውን አንድም ቀን አያስበውም። ሸጌ በወጣትነቷ በዚህ አልቅሳለች። በኋላ ለቅሶውን ትታ መሳቅ ጀመረች። ለገና ላልይበላ ወርዳ ትንንሽ ገንቦ ስትሸጥ፣ ፈረንጁም ከሩቅ የመጣውም ምእመን ከድንጋይ የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን እያየ አፉን ከፍቶ ሲቆም እየጠቆመች ትስቅ ነበር። «ዝንብ ይገባባችኋል» ትላለች ለራሷ። እሷ እዚያው አጠገብ ስላደገች ድንጋዩ ድንጋይ ነው፤ አፍ የሚያስከፍት ነገር በሕይወቷ አላጋጠማትም።

የወናፉን ነገር ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ጋሸና ገብቶ አብዱልሀሚድን ይጠይቅ። አያቱ የፍየል ቆዳ አልፍተው ወናፍ ይሰፉ ነበር። አባቱ መሐመድኑር፣ በጋሸና የሚያልፈው ከባድ መኪና ሲበዛ፣ ቆዳውን ትተው ከተጣለ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ መሥራት ጀመሩ፤ አይጥ አይበላውም፣ ክረምት አያበሰብሰውም። አብዱልሀሚድ ጎማውንም ተወው። ከተጣለ ጭነት መኪና ክብ ብረት አውጥቶ፣ ውስጡ ክንፍ ያለው መዘውር ከትቶ፣ በብስክሌት ሰንሰለት በእጅ የሚዞር ማናፈሻ ሠራ። አንድ ሰው ያዞረዋል፣ እንደ አሥር ሰው ይነፋል። ሦስት ትውልድ እንዲህ ወናፍ ሲቀያየር፣ ከፊቱ የሚሰካው አፍ ግን የማርያማዊት ቤት ሸክላ ብቻ ነበር። ሁለቱ ቤቶች በሃይማኖት ይለያያሉ፣ አብረው ሥጋ አይበሉም፤ አንዱ ግን ያለ ሌላው እሳት ማንደድ አይችልም።

ታዲያ መብራት ወደየቀበሌው ሲገባ የኤሌክትሪክ ማናፈሻ ተከትሎ መጣ። የራሱ የብረት ቧንቧ ያለው፣ ሶኬት ላይ ሰክተው የሚተኙለት ዕቃ። አንጥረኞቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ዞሩ። የአብዱልሀሚድ ደንበኛ ሳሳ፤ የሸጌም አብሮ ሳሳ። አፍ የሚፈልግ ሲጠፋ ስባሪ የሚመልስም ጠፋ፣ ጋኑም ከዓመት ዓመት እየጎደለ ሄደ። ልጇ ንጋት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እየተማረች ሥራውን ከእናቷ ጋር ስትሠራ ቆይታ፣ አንድ ቀን ጭቃውን ከእጇ ታጥባ ኮን ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች።

«ለእሳት እየሠራሁ እሳቱን እንዳላይ የምከለከለው ለምንድን ነው?» ነበር ያለቻት። «ዕውር አደረጋችሁን እኮ እማ!»

ሸጌ የእናቷን አባባል ደገመችላት፤ ንጋት ግን አባባል ሳይሆን ምክንያት ነበር የፈለገችው።

አምና ጥቅምት ላይ አብዱልሀሚድ ከጋሸና በእግሩ መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፂሙ ላይ ሁልጊዜ የብረት ብናኝ አለ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የቀረበለትን ውሃ ጠጣና ዓላማውን ነገራት።

«እትዬ ሸጌ፣ ብረት ላቀልጥ ነው።»

«ምን ልታደርግ?»

«ላቀልጥ። እንደ ቅቤ። ቁራሌዎቹ ደህና ደህናውን፣ ባሌስትራውን ሁሉ እየጫኑ ወደ ከተማ ያወርዱታል። እኛ ጋ የሚቀረው ብሎንና ቁርጥራጭ ነው። ያን ቢያግሉት ቢቀጠቅጡት አይያያዝም። ቢቀልጥ ግን፣ ወላሂ፣ አንድ ወጥ ጥሩ ብረት ይወጣዋል። አንጥረኛው ሁሉ ከእኔ ይወስዳል።»

ምድጃውን ጨርሷል። ከበርሜል ሠርቶ ውስጡን በጭቃ መርጎታል፤ የሚነደው መኪኖች ጋሸና ላይ የሚደፉት የተቃጠለ ዘይት ነው፤ የሚነፋው የራሱ ማናፈሻ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ማሰሮ» አላት። «ከብረት ብሠራው ከውስጡ ጋር አብሮ ይቀልጣል። ሸክላ መሆን አለበት። የእርስዎ ሸክላ።»

ሸጌ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ብረት ሊወጠወጥ ነው በለኛ! ማማሰያውንስ ማን ይሥራልህ?» ሆኖም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አብዱልሀሚድም ሳይለቅ ቆይቶ እሺ አሰኝቷት ሄደ።

እሺ ያለችው በአፏ ነበር። አፈሩን አቡክታ ወደ ጋኑ ስትዞር እጇ ተያዘ። ከጋኑ ውስጥ የቀረው ሁለት ጣሳ ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ሴት፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ ሁለት ጣሳ። የወናፍ አፍ እሳት ውስጥ ቢሰበር ስባሪው ይመለሳል። ይሄኛው ማሰሮ ግን እሳቱ መሀል ቢፈነዳ ከቀለጠው ብረትና ከዝቃጩ ጋር ተዋህዶ ይቀራል፣ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ሸጌ ሰሰተች። አንድ እፍኝ ብቻ ጨመረች፤ ለአብዱልሀሚድም ምንም ሳትናገር ማሰሮውን በሚያልፍ መኪና ላከችለት።

በሁለተኛው ሳምንት ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ተለብልቦ መጣ። ማሰሮው ብረቱ መቅለጥ ሲጀምር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ያለው ሁሉ ምድጃው ወለል ላይ ፈሶ ቀዘቀዘ። ምድጃው ራሱ ተበላሸ። ባለቤቱ ጀውሀራ ከነበረችበት ቦታ አንድ እርምጃ ቀርባ ቢሆን ኖሮ እግሯን ታጣ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት አብዱልሀሚድ አንገቱን ደፍቶ። «እሳቱን ቶሎ አበዛሁት። የእርስዎን ሥራ አበላሸሁብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር ይበሉኝ ብሎ ሄደ። ሸጌ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ጥፋተኛዋ እሷ ሆና፣ ቅንድቡ የተቃጠለው ሰውዬ ይቅርታ ጠየቃት። የጀውሀራ እግር በዓይኗ ላይ እየዞረ እህል አልበላ አላት። ስድስት ቀን ታገሠችው፤ በሰባተኛው ተነሥታ ጋሸና ሄደች። አብዱልሀሚድና ጀውሀራ የተበላሸውን ምድጃ በመሮ እየፈለፈሉ አገኘቻቸው።

«ያንተ ጥፋት አይደለም» አለችው ሳትቀመጥ። «ዱቄቱን ሰስቼ ነው። አንድ እፍኝ ነው ያገባሁት። ጀውሀራ፣ በእግርሽ ፈርጄ ነበር፣ ይቅር በይኝ።»

ጀውሀራ መሮዋን አስቀመጠች። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን ቁርጡን የምትናገር ሴት ናት። «እግሬ አለ እትዬ ሸጌ» አለች። «የእርስዎ ግን ምን ያህል ቀርቷል?»

«ሁለት ጣሳ።»

«እንግዲያው ይተዉት» አለ አብዱልሀሚድ። «የእናትዎን እርሾ ለእኔ ዕብደት አያስጨርሱ። አላህ ሌላ እንጀራ ይሰጠኛል።»

ሸጌ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ስታስብ ነበር። ይተዉት ማለት ቀላል ነው። ትታውስ ምን ታደርገዋለች? ማንም ሳይጠይቃት ጋን ውስጥ የተቀመጠ ሁለት ጣሳ አቧራ። ሊጥ ያላገኘ እርሾ ይሻግታል እንጂ እርሾ ሆኖ አይኖርም። እሷ ስትሞት ንጋት ጋኑን ደፍታ ቤቱን ትጠርጋለች፤ ያኔ ማርያማዊት በመጥረጊያ ትወጣለች። ይህንን ስታስብ እዚያው መንገድ ላይ «ከዚያስ እሳት ይብላት!» ብላ ጮኸች፤ ከኋላዋ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ደንግጦ አማተበ።

ጥር ላይ ጋኑን ገለበጠችው። ጠርዙን በዶሮ ላባ ጠርጋ የመጨረሻዋን ብናኝ አወጣች። ቅዳሜ ስለነበር ንጋት ከኮን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«እማ፣ እንደ በፊቱ ቢሰበርስ?»

«ከተሰበረ አንቺ ወረቀትሽን ታባዣለሽ፣ እኔ ቆሎ እሸጣለሁ» አለች ሸጌ። ድምፅዋ ግን አልቀለደም። ንጋት ገባ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጭቃውን ግን አልነካችም።

ማሰሮው ስፋቱ የሰው ራስ የሚያስገባ፣ ግድግዳው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሆነ። ሸጌ ውፍረቱን የምትለካው ዓይኗን ጨፍና በሁለት ጣቶቿ መሀል እየዳሰሰች ነው። ሃያ ሦስት ቀን በጥላ አደረቀችው። በቤቷ እሳት ጠበሰችው። በጣቷ ጥፍር ስትኳኳው እንደ ቃጭል ጮኸ።

ሐሙስ ጠዋት በጋቢ እንደ ሕፃን አዝላው ወደ ጋሸና ወጣች። አብዱልሀሚድ ምድጃውን እንደ አዲስ መርጎ ጠብቋታል። ማሰሮውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ እንደ ልማዷ እስክትሄድ ቆመ። ሸጌ አልሄደችም።

«እትዬ ሸጌ፣ ሕጉስ?» አላት። የቤቷን ሕግ ከአባቱ ሰምቶ ያውቀዋል።

«እናቴን ብቻዋን እሳት ውስጥ አልሰዳትም» አለች። «እቆማለሁ።»

ጀውሀራ የብየዳ ጥቁር መነጽር አመጣችላት፣ የሸጌን ቀሚስ በውሃ አርሳ ራቅ ካለ ግንብ ሥር አቆመቻት። ማሰሮው ምድጃው ውስጥ ገባ። ብሎን፣ የሰንሰለት ቁራጭ፣ የተሰበረ ምስማር፣ ዝገቱ የተፋቀ ኮተት ሁሉ ተከተተበት። አብዱልሀሚድ «ቢስሚላህ» አለ፤ ሸጌ በሆዷ «እመብርሃን» አለች፤ ጀውሀራ የዘይቱን ቧንቧ ከፈተች።

መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ነበር። ቀጥሎ አብዱልሀሚድ ማናፈሻውን ሲያዞር ጭሱ ጠፋና ምድጃው ማጓራት ጀመረ። ሸጌ ድምፁ በእግሯ ሥር በመሬቱ በኩል ሲመጣ ተሰማት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራችው አፍ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ተቀብሮ ሲውል ኖሯል ማለት ነው። ይህንን የምታውቅ መስሏት ነበር፤ ለካ ምንም አታውቅም። እናቷ ለምን እንደገረፈቻት በዚያች ደቂቃ ገባት። ብትሮጥ ደስ ባላት። ግን ማሰሮው ውስጥ ነው።

አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሁለቱ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ያዞራሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጀውሀራ ጠራቻት፣ መነጽሩን አስደረገቻትና በክዳኑ ቀዳዳ እንድታይ አደረገቻት።

ሸጌ ቀይ ነበር የጠበቀችው። የምታውቀው እሳት ቀይ ነው፤ ፍም ቀይ ነው፣ የኩበት እሳት ቀይ ነው። ይሄ ቀዩን አልፎታል፣ ቢጫውንም አልፎታል። የያዘው ቀለም ስም አልነበረውም። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ እንኳ ዓይኗን ወጋት። ከዚያ ብርሃን መሀል፣ ራሱም ብርሃን ሆኖ፣ የእጇ ሥራ ቆሟል። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ያለሰለሰችበት ቦታ ሳይቀር ይታያታል። ከውስጡ ብሎኑም ምስማሩም የለም። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ጠፍጣፋ፣ ጸጥ ያለ፣ እንደ ኩሬ የሚንቀጠቀጥ። ብረት ውሃ ሆኗል። ሰው እንዳይደፍረው ሆኖ የተፈጠረ ነገር፣ ያገሩን መሬት የሚገለብጥ፣ ደም የሚያፈስ ነገር፣ ማሰሮ ውስጥ እንደ ሾርባ ተኝቷል።

በዚያ ቅጽበት በማሰሮው ጎን ላይ ቀጭን መስመር ከላይ ወደ ታች ስትወርድ አየች።

«ተሰነጠቀ!» ብላ ጮኸች። የጀውሀራን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ውጡ! ውጡ! ተሰነጠቀ!»

አብዱልሀሚድ ማዞሩን አላቆመም፤ ቢያቆም ብረቱ ይረጋል፣ ቢቀጥል ሊፈነዳበት ይችላል። ሚስቱን አየ። ጀውሀራ ሸጌን ከኋላዋ አድርጋ፣ በቀዳዳው ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ቆየች። ሸጌ የሚመጣውን ትጠብቃለች፤ በሕይወቷ ከዚያ የረዘመ ደቂቃ የለም። እናቷም፣ የእናቷም እናት፣ ስማቸው ያልታወቀውም ሁሉ በዚያች መስመር ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ስንጥቅ አይደለም» አለች ጀውሀራ ቀና ብላ። «ዝቃጩ ነው፣ ከአፉ ገንፍሎ ወረደ። ሸክላው አልተነቃነቀም።» ከዚያም ለባሏ፣ «አሁን ነው። አውጣው» አለችው።

ሁለቱ ረጅሙን ጉጠት ከግራና ከቀኝ ይዘው ማሰሮውን አነሡት። በቀን ብርሃን መሀል ሌላ ቀን ከምድጃው ወጣ። ጥላቸው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በአዲስ አቅጣጫ ግንቡ ላይ ወደቀ። ማሰሮውን አዘነበሉት፤ ብረቱ በአሸዋ ወደተሠራው ቅርጽ መፍሰስ ጀመረ። ሸጌ ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጮኸም። ወተት ከቅል እንደሚፈስ በዝምታ ፈሰሰ፤ ዙሪያውን ብቻ ትንንሽ ብልጭታ እንደ ንብ እየተነሣ ይጠፋል።

እዚያው ግንቡ ሥር ቆማ አለቀሰች። ፍርሃቷ ወዴት እንደሄደ አታውቅም። ልቧን የሞላው ሌላ ነገር ነበር፤ በልጅነቷ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ እናቷ እጇን ይዛ ስታስገባት፣ ከጨለማው መሀል ነጩ ግድግዳ ብቅ ሲል የተሰማት ዓይነት። ያኔ ያ የእግዚአብሔር ቤት ነው ተብሎ ተነግሯታል። ይሄን ግን ማንም አልነገራትም። ይሄ የእሷ ቤት ነው፤ የመንደሩ ሰው ልጁን በነጠላ የሚሸፍንባቸው ሴቶች አፈር። ያ እሳት ብረትን አሸንፏል፣ እነሱን ግን አላሸነፋቸውም።

«እትዬ ሸጌ!» አለች ጀውሀራ ላብዋን እየጠረገች። «አፍዎን ይዝጉ፣ ብልጭታ ይገባል!»

ሸጌ አፏን በእጇ ብትነካው እውነትም ተከፍቷል። በየዓመቱ ገና የሳቀችባቸው ሰዎች ሁሉ ትዝ አሏትና በለቅሶዋ መሀል ሳቋ መጣ።

ባዶውን ማሰሮ አሸዋ ላይ አስቀመጡት። ቀለሙ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ግራጫ ወረደ። ሦስቱም ያዩታል። የደጋው ነፋስ ሽው ሲል አንድ ጥርት ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ማሰሮው ለሦስት ተከፍሎ ወደቀ።

አብዱልሀሚድ ራሱን ይዞ ቁጢጥ አለ። «ሱብሃነላህ! ከነፋሱ መሸፈን ነበረብኝ። እናትዎን ገደልኩብዎት!»

ሸጌ ጎንበስ ብላ፣ ጣቷ እየተለበለበ፣ አንዱን ስባሪ አገላብጣ አየችው። ውስጡ እንደ ብርጭቆ አብረቅርቋል። ስባሪው ግን ስባሪ ነው፤ አለ፣ አልቀለጠም፣ አልጠፋም።

«ምን ገደልካት» አለችው። «ወለድካት እንጂ! የኛ ቤት ሲሰበር እኮ ነው የሚበዛው። ጆንያ አምጡልኝ።»

አንዲት ፍንጣሪ ሳታስቀር ለቀመች። ቤቷ ወስዳ ሦስት ቀን ስትወቅጠው ከረመች። ጋኑ ሁለት ጣሳ ሰጥቶ ከአምስት በላይ ተቀበለ፤ ያ በማሰሮው ውስጥ የገባው አዲስ አፈር ሁሉ አሁን እሳት የጠገበ ሆኗላ። ያውም ማርያማዊት በሕልሟ ያላየችው እሳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ንጋት ከኮን ስትመጣ እናቷን ሁለተኛውን ማሰሮ ስትሠራ አገኘቻት። አብዱልሀሚድ ብረቱን ለአንጥረኞች አሳይቶ፣ ከኮንም ከላልይበላም ሰው እየጠየቀው ነበር። ሸጌ ግድግዳውን አቁማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቶቿ ዳሰሰችው። እንደገና ዳሰሰችው። ወፍሯል። ሳታውቀው፣ እጇ በራሱ፣ ያንን ብርሃን አስቦ ጭቃ ጨምሯል። ማርያማዊት ልክ ነበረች።

አፈረሰችው፤ ጭቃውን ጠፍጥፋ እንደገና ጀመረች። አሁንም ወፈረ። አፈረሰችው። ንጋት አጠገቧ ቆማ ታያለች። በሦስተኛው ሸጌ ጭቃው ላይ እጇን አሳርፋ ትንሽ ቆየች፤ ያንን ብርሃን ዓይኗ ላይ እንዳለ ትታ፣ ሳትሸሸው፣ ግድግዳውን አወጣች። ዓይኗን ጨፍና ዳሰሰች። የአውራ ጣት ውፍረት፣ ልክ እንደ እናቷ።

«ደርቆ ሲጠበስ ጋሸና እንሄዳለን» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «አንቺም ታዪዋለሽ።»

ንጋት ወደ ጭቃው ጎድጓዳ ቀረብ ብላ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«እጄ ቢፈራስ እማ?»

«ይፍራ» አለች ሸጌ። «አፍርሰሽ ትሠሪዋለሽ።»